ወይዘሮ ምንትዋብና አንድ ብርጭቆ ሻይ በወተት

ተረቴ ከበረት ይነሣል፤ ጆሮ ያለው ወደ በሩ ይጠጋል።

ምንትዋብ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ዕድሜዋ ስድሳ አንድ፣ ቤቷ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ ኑሮዋ ብቻዋን። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ትከሻና ወገብ ስትለካ ኖራ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ ማንጠልጠል ከመልመዷ የተነሣ ለቅሶ ቤት ሳታወልቀው የሄደችበት ቀን አለ።

ይቺ ሴት አንዲት ትንሽ ነገር አማራት። ወርቅ አይደለም፤ ሐር አይደለም። አንድ ብርጭቆ ሻይ በወተት። ከቆርቆሮ በማንኪያ የሚዘገነው የዱቄት ወተት ግን አይደለም፤ እሱንማ ስንት ዓመት ጠጥታዋለች። ከላሟ ጡት የወረደ፣ አረፋው ገና ያልተኛ ወተት። ላሚቱንም ፊት ለፊት እያየች።

ነገሩ የመጣው በሱሪ ነው። አጥላው የሚባል ሰው አንድ ቀን ሱሪ ይዞ ሱቋ ገባ። ከከተማው በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ርቆ፣ ወይራ ሜዳ በሚባል አገር ከብት የሚያረባ ሰው ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። «ትንሽ ያሳጥሩልኝ» አለ። አሳጠረችለት። በሳምንቱ ያንኑ ሱሪ ይዞ መጣ። «ትንሽ ደግሞ» አለ። አሳጠረችለት። በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ በአራተኛው መጣ፤ በአምስተኛው ሱሪው ጉልበቱን ሊያልፍ አንድ ጣት ቀርቶት ነበር።

«አቶ አጥላው» አለች ምንትዋብ መቀሷን አስቀምጣ፣ «ከዚህ በኋላ የቀረኝ ኪሱን መቁረጥ ነው። ምን ፈልገው ነው?»

አጥላው ባርኔጣውን በእጁ አዞረ፣ አዞረ፣ መልሶ አዞረ። «እኔማ የምፈልገው ሱሪ አይደለም፤ እርስዎን ነው» አለ።

ምንትዋብ አልተቆጣችም፤ አልሳቀችምም። ሰውየውን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ለካችው። ከዚያ «ሰው ይዋሻል፤ ከብት አይዋሽም» አለች። «ቅዳሜ መጥቼ ከብቶችዎ እርስዎን እንዴት እንደሚያዩ አያለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ከላምዎ ወተት አንድ ብርጭቆ ሻይ እጠጣለሁ። መልሴን ያኔ እነግርዎታለሁ። ሻዩን ሳልጠጣ ግን ቃል አይወጣኝም።»

«ሻይ ብቻ?» አለ አጥላው ደስ ብሎት። «ወለላ የምትባል ላም አለችኝ፤ ወተቷ እንደ ምንጭ ነው!»

እንዲህ ብሎ ፎከረ። መፎከር መቼም ቀረጥ የለበትም።

ቅዳሜ ደረሰ። ምንትዋብ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጫማዋን አብርቃ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወይራ ሜዳ ከአውቶቡስ ወረደች። ሾፌሩ «እመለሳለሁ ካሉ የመጨረሻው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ጥሩምባ እነፋለሁ» ብሏት ሄደ። አጥላው መንገድ ዳር ጥንድ የላስቲክ ቦቲ ይዞ ቆሞ ነበር።

«ይህ ለማን ነው?» አለች።

«ለእርስዎ ነው። ግቢው ጭቃ ነው።»

«ቦቲ አላደርግም» አለች ምንትዋብ። አሥር እርምጃ ሄደች። አሥራ አንደኛው ላይ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እግሯ ብቻውን ወጣ። «እስቲ ያምጡት» አለች።

ከብቶቹን አየች። ጊደሮቹ አጥላውን ገና ሲያዩ እየተጋፉ መጡ፤ አንዷ አገጯን ትከሻው ላይ ጣለች፤ አንዷ ክንዱን ላሰች፤ አንዷ ደግሞ ለእንግዳዋ ክብር ስትል የነጠላዋን ጫፍ ከነጥለቱ አፏ ውስጥ አስገብታ ታኝከው ጀመር። አጥላውና ምንትዋብ ከወዲህ፣ ጊደሯ ከወዲያ፣ ነጠላው መሃል ሆኖ ተጓተቱ። ነጠላው ሲለቀቅ ሁለቱም ድርቆሽ ክምር ላይ ወደቁ። ምንትዋብ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ከብቶቹ ይወዱዎታል» አለች ኮስተር ብላ። ፈገግታዋ ግን ሊያመልጣት ነበር።

አሥር ሰዓት ሆነ። ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ሻዩ ከሰል ላይ ይንተከተካል፤ ስኳሩ አለ፤ አምባሻው ተቆርሷል። ወተት ብቻ ነው የጎደለው። አጥላው ባልዲ ይዞ ወለላ ሥር ቁጢጥ አለ። ወለላ ምንትዋብን አየች፤ አጥላውን አየች፤ እግሯን አነሣችና ባልዲውን እስከ አጥሩ አሻገረችው።

«ምን ነካት?» አለች ምንትዋብ።

«ጥጃዋን ፈልጋ ነው። ካለ ጥጃዋ አንዲት ጠብታ አትለቅም» አለ አጥላው፤ ባልዲውን ሊያመጣ ሮጠ።

ይኸውላችሁ፤ ጥጃው ካልወጣ ላሚቱ አትታለብም፤ ላሚቱ ካልታለበች ሻዩ አይነጣም፤ ሻዩ ካልነጣ የምንትዋብ ቃል አይወጣም።

«ታዲያ ጥጃውን ያውጡት!»

ወደ ጥጃው ጋጣ ሄዱ። ጥጃው በስንጥቁ አፍንጫውን አውጥቶ «እምቧ!» ይላል። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። በሩ ላይ ደግሞ በሬ ተጋድሟል። ዳኛው የሚባል ቀይ በሬ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ እውነተኛ ዳኛ ነገሩን ያመሰኳል።

አጥላው ገፋው። ለመነው። ጅራቱን ያዘው። ምንትዋብም እጅጌዋን ሰበሰበችና ትከሻዋን አስጠግታ ገፋች። ሁለት አዛውንቶች አንድ በሬ ገፉ። በሬው እፎይ ብሎ ተነፈሰ፤ የምንትዋብ ነጠላ ተነሥቶ ራሷ ላይ ተጠመጠመ።

«በዱላ ለምን አይሉትም?» አለች ከነጠላው ሥር።

አጥላው ደነገጠ። «ዳኛውን? አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ያረሰውን? እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨው ይልሳል። ጨዉን ሳይልስ ቤት ቢቃጠል አይነሣም።»

ምንትዋብ ነጠላዋን አወረደችና ሰውየውን እንደገና ለካችው። ይህኛው ልኬት ከበፊቱ ሰፋ ያለ ነበር።

እንግዲህ ጨው ካልተላሰ በሬው አይነሣም፤ በሬው ካልተነሣ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጥጃው አይወጣም፤ ጥጃው ካልወጣ ላሚቱ አትታለብም፤ ላሚቱ ካልታለበች ሻዩ አይነጣም፤ ሻዩ ካልነጣ የምንትዋብ ቃል አይወጣም።

«ጨዉ የት ነው?»

«መጋዘን ውስጥ።»

መጋዘኑ ሄዱ። በሩ ላይ የጡጫ ያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

«ቁልፉስ?»

አጥላው ራሱን አከከ። «ቁልፉማ የትርንጎ ነው።»

«ትርንጎ ማናት?»

«ታናሽ እህቴ። ከኔ ጋር ናት የምትኖረው። ዛሬ ገበያ ሄዳለች፤ መምጫዋ ነው።»

«ስትሄድ ቁልፉን የት ታኖረዋለች?»

«ሌባ በማይደፍረው ቦታ» አለ አጥላው በዝግታ። ሲናገር እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

ቦታው ማድቤት ጥግ ያለ ቅርጫት ነው። ቅርጫቱ ውስጥ አሥራ ሦስት እንቁላል አለ። እንቁላሉ ሥር ቁልፉ አለ። እንቁላሉ ላይ ኮረንቲ አለች። ኮረንቲ ዶሮ ናት፤ ስሟን በከንቱ አላገኘችውም። አጥላው ጣቱን ገና ከመዘርጋቱ፣ ጧ! «ወይኔ!» ሁለተኛ ዘረጋ፤ ጧ! «ወይኔ ጣቴን!» ምንትዋብ ጣቷን በነጠላዋ ጠቅልላ ሞከረች። ዶሮዋ ነጠላውን ትታ ቦቲውን ወጋችው።

«እሷ የምትነሣው ገብስ ሲበተንላት ነው» አለ አጥላው ጣቱን እየጠባ። «ትርንጎ ስትበትንላት ብድግ ብላ ትለቅማለች።»

«ይበትኑላታ!»

«ገብሱ መጋዘን ውስጥ ነው።»

«መጋዘኑስ?»

«ተቆልፏል።»

«ቁልፉስ?»

«ዶሮዋ ሥር።»

ምንትዋብ የበሩን መቃን ያዘች። ከሆዷ አንድ ነገር ተነሣ፤ ወደ ደረቷ ወጣ፤ ልትመልሰው ሞከረች፤ አልመለስ አላት፤ ፈነዳ። ሳቅ ነው። እንዲህ የሳቀችበትን ቀን አታስታውስም፤ እንባዋ በጉንጯ ወረደ፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ ዘለለ። አጥላው መጀመሪያ አፈረ፤ ቀጥሎ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። ዶሮዋ ሁለቱንም በአንድ ዓይኗ አየችና ክንፏን ነፋች። ዱቄት አምጥተው በተኑላት፤ አስነጠሳት እንጂ አልተነሣችም።

እንዲህ ነው፤ ገብሱ ካልመጣ ዶሮዋ አትነሣም፤ ዶሮዋ ካልተነሣች ቁልፉ አይገኝም፤ ቁልፉ ካልተገኘ ጨው አይላስም፤ ጨው ካልተላሰ በሬው አይነሣም፤ በሬው ካልተነሣ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጥጃው አይወጣም፤ ጥጃው ካልወጣ ላሚቱ አትታለብም፤ ላሚቱ ካልታለበች ሻዩ አይነጣም፤ ሻዩ ካልነጣ የምንትዋብ ቃል አይወጣም።

ይህን ሲሉ ከወንዙ በኩል አህያ አናፋ።

«ሻምበል ነው!» አለ አጥላው ዘሎ። «አህያችን! ትርንጎ ዛሬ የዘር ገብስ ልትገዛ ነው የሄደችው፤ ገብስ ጭኖ መጣ ማለት ነው!»

ሮጡ። አጥላው በአጭሯ ሱሪው፣ ምንትዋብ በቦቲዋ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ። ወንዝ ይባል እንጂ ጉልበት አያርስም። መሃሉ ላይ ሻምበል ቆሟል፤ ጀርባው ላይ ጆንያ ሙሉ ገብስ፤ እግሩ ውኃ ውስጥ፤ ጆሮው ወደ ኋላ። የሚነዳው ሰው የለም።

አጥላው ገባ። «ና ሻምበል፣ ና!» ሻምበል ዞረ። አጥላው ዞረ። ሻምበል ዞረ። አጥላው ጆንያውን ሊፈታ እጁን ሲሰድ አህያው ጉልበቱን አጠፍ፣ አጠፍ አደረገ፤ ልቀመጥ ነው ማለቱ ነው።

«ኧረ አትቀመጥ! ዘሩ ይረጥባል! የዓመቱ ዘር እኮ ነው!» አጥላው በሁለት እጁ የአህያውን ሆድ ደግፎ ቀረ። «ወይዘሮ ምንትዋብ፣ እንግዲህ እኔ ከዚህ መንቀሳቀስ አልችልም። እሱ የሚወጣው የትርንጎን ድምፅ ሲሰማ ብቻ ነው።»

«ትርንጎስ የት አለች?»

አጥላው በአገጩ አመለከተ። ማዶ፣ ሾላው ሥር፣ አንድ ሰማያዊ ጃንጥላ ተዘርግቷል። ከጃንጥላው በታች ሁለት እግር ይታያል። ጃንጥላው ጀርባውን ሰጥቷል።

«ትርንጎ!» አለ አጥላው። «አህያውን ጥሪው!»

ጃንጥላው ንቅንቅ አላለም።

«ትርንጎዬ! የእናቴ ልጅ! ዘሩ ሊበላሽ ነው!»

ጃንጥላው ትንሽ ዝቅ አለ።

«አኩርፋለች» አለ አጥላው፤ ድምፁም አህያውም አንድ ላይ ከበዱት። «የርስዎን ነጭ ልብስ ከሩቅ አይታ ነው መሰለኝ።»

ምንትዋብ ፀሐይዋን አየች። አሥር ሰዓት ተኩል አልፏል። አውቶቡሱ ሊመጣ ነው። ጣቷን ሜትሩ ላይ አድርጋ ነገሩን በየጣቱ ለካችው፦ ትርንጎ ካልጠራች አህያው አይወጣም፤ አህያው ካልወጣ ገብሱ አይመጣም፤ ገብሱ ካልመጣ ዶሮዋ አትነሣም፤ ዶሮዋ ካልተነሣች ቁልፉ አይገኝም፤ ቁልፉ ካልተገኘ ጨው አይላስም፤ ጨው ካልተላሰ በሬው አይነሣም፤ በሬው ካልተነሣ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጥጃው አይወጣም፤ ጥጃው ካልወጣ ላሚቱ አትታለብም፤ ላሚቱ ካልታለበች ሻዩ አይነጣም። «ሻዩ ካልነጣ ደግሞ» አለች ለራሷ፣ «እኔም ዲዳ ሆኜ መመለሴ ነው።»

ወንዙን ተሻገረች። ቦቲዋ ውኃ ሞላ። ሾላው ሥር ስትደርስ ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ ፀጉሯ ላይ ድርቆሽ፣ ጉንጯ ላይ ዱቄት።

«ምንትዋብ እባላለሁ» አለች።

«ማን እንደሆኑ አውቃለሁ» አለ ጃንጥላው።

«እባክዎ፣ አህያውን ይጥሩልን።»

«እኔ ማን ነኝና? አዲሲቱ እመቤት መጥታ የለ? እሷ ትጥራው።»

ምንትዋብ ሌላ ምን ታድርግ? ወደ ወንዙ ዞረችና ተጣራች። «ሻምበል! ና የኔ ጌታ! ና የኔ ቆንጆ!» ሻምበል አንዴ አያትና ቂጡን አዞረላት። በጅራቱ ውኃውን መታ፤ ውኃው አጥላውን ከባርኔጣው እስከ አንገቱ አጠበው። ከጃንጥላው ሥር «ክክ» የሚል ድምፅ አመለጠ፤ ወዲያው ታፈነ።

ምንትዋብ ሰማችው። ነጭ ቀሚሷን ረሳችና ሣሩ ላይ፣ ከጃንጥላው አጠገብ፣ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ያን ጊዜ ሴትዮዋን አየቻት። ሃምሳውን ያለፈች፣ ቀጭን፣ ዓይኗ ያለቀሰ ሴት ናት። ሳቋን ልትውጥ ስትል ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አለች ትርንጎ፣ ሳትዞር። «ትዳሬ ፈርሶ ወንድሜ ቤት ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዶሮዋን ከጫጩት ያሳደግሁ እኔ፤ በሬውን ጨው ያላስሁ እኔ፤ አህያውን ያገራሁ እኔ። ዛሬ ገበያ ላይ ሴቶቹ ምን አሉኝ መሰለዎት? ‹ትርንጎ፣ ቁልፉን አጥበሽ አስረክቢ፤ ባለቤቷ መጣች› አሉኝ። ይስቁ ነበር። ወንድሜ አንድ ቀን ‹እንዲህ ላደርግ ነው፤ ምን ይመስልሻል?› ብሎኛል? አላለኝም! ሱሪው በየሳምንቱ ሲያጥር አይቼ ነው ያወቅሁት!»

ምንትዋብ ልትይዘው ሞከረች። አልቻለችም። «ሲያጥር...» አለችና ሳቋ መጣ። ትርንጎ ተቆጥታ ዞረች፤ ድርቆሹን አየች፣ ዱቄቱን አየች፣ የታኘከውን ነጠላ አየች፤ ከወንዙ መሃል ደግሞ አህያ ያዘለ የሚመስለውን ወንድሟን አየች። እሷም ተሸነፈች። ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ሳቁ፤ ጃንጥላው ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ።

«ስሚኝ ትርንጎ» አለች ምንትዋብ ዓይኗን እየጠረገች፤ አንቱታው ከሳቁ ጋር ሄዷል። «ወንድምሽ ላም አለችኝ ብሎኝ ነበር። ውሸቱን ነው። ላሚቱ ጥጃዋን ትላለች፤ ጥጃው በሩን ይላል፤ በሩ በሬውን፤ በሬው ጨዉን፤ ጨዉ ቁልፉን፤ ቁልፉ ዶሮዋን፤ ዶሮዋ ገብሱን፤ ገብሱ አህያውን፤ አህያው ደግሞ አንቺን! ዞሮ ዞሮ ሁሉ አንቺ ጋ ነው የሚያልቀው። አንቺ አንድ ከሰዓት በኋላ ብታኰርፊ ይኸው አገሩ ቆመ።»

ትርንጎ የወደቀውን ጃንጥላ ትታ ወደ እሷ ጠጋ አለች።

«እኔ ዶሮ እፈራለሁ። አህያው ንቆኛል። በሬው ተነፈሰብኝ። ይህን ሁሉ ካንቺ ቀምቼ ምን ላደርገው? እኔ ስመጣ ይዤ የምመጣው አንድ የስፌት መኪና ነው። ብርሃን ያለው መስኮት ስጪኝ፤ ሌላ አልፈልግም። ቁልፉ ያንቺ ነው። ዛሬም ያንቺ፣ እኔ ስመጣም ያንቺ።»

«ቁልፉ?» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ።

«ቁልፉ። የምታኖሪበትንም ቅርጫት አልነካም፤ ፈጣሪ ያርቅልኝ!»

ትርንጎ ዓይኖቿን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ጃንጥላዋን አንሥታ አጠፈች። ተነሥታ ቆመች፤ መዳፎቿን አፏ ላይ አድርጋ፦

«ሻምበ–ል! ሆይ ሻምበል! ቤት!»

ትርንጎ ጠራች፤ አህያው ጆሮውን ቀሰረ። አህያው ወጣ፤ አጥላው የደገፈው ነገር ሲጠፋበት ውኃው ውስጥ ዘጭ አለ። ገብሱ መጣ፤ ማድቤቱ ደጃፍ አንድ እፍኝ ተበተነ። ዶሮዋ ተነሣች፤ እየተንቀባረረች ለቀመች። ቁልፉ ተገኘ፤ ለብ ብሎ። መጋዘኑ ተከፈተ። ጨው ተላሰ፤ ዳኛው ምላሱን አፍንጫው ድረስ አዞረ። በሬው ተነሣ። በሩ ተከፈተ። ጥጃው ወጣ፤ ወጣ ብቻ አይደለም፤ በምንትዋብ እግሮች መሃል አልፎ፣ ግማሽ መንገድ በጀርባው ጭኗት፣ ድርቆሹ ላይ አራግፏት እናቱ ጋ ደረሰ። ላሚቱ ላሰችው። ላሚቱ ወተቷን ለቀቀች። ቹር! ቹር! ቹር! አጥላው ልብሱ ውኃ እያንጠባጠበ አለበ፤ ባልዲው ላይ አረፋው እንደ ጥጥ ተቆለለ።

ሻዩም ነጣ።

ዛፉ ሥር ሦስቱም ተቀመጡ። ትርንጎ ቀዳች። ምንትዋብ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች። ሦስት ክንድ ርቃ ወለላ ቆማ ታያታለች። ፉት አለች። ሙቀቱ በጉሮሮዋ ወረደ፤ ጣፋጭ ነው፤ ትንሽ ትንሽ የሣር ሽታ፣ ትንሽ የጭስ ሽታ አለው። ዓይኗን ጨፈነች። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችና ከንፈሯ ላይ የቀረውን አረፋ በጣቷ ጠረገች።

ከአስፋልቱ በኩል የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ።

አጥላው የራሱን ሻይ አልቀመሰም። ብርጭቆውን በእጁ አዞረ፣ አዞረ፣ መልሶ አዞረ። «ወይዘሮ ምንትዋብ» አለ። «ከብቶቹን አዩ። ሻዩንም ጠጡ። እንግዲህ... መልስዎ ምን ይሆን?»

ምንትዋብ አፏን ከፈተች። ትርንጎ ግን ቀደመቻት።

«አንተ ጆሮህ ውኃ ገብቶበታል?» አለች ወንድሟን። «ሾላው ሥር ሆና ነገረችኝ እኮ፤ ያውም ሁለት ጊዜ!»

«ምን አለችሽ?»

«‹ስመጣ› አለችኝ! ‹ብመጣ› አላለችም። ‹ስመጣ›!»

አጥላው ምንትዋብን አየ። ምንትዋብ ትርንጎን አየች። ያለችውን በልቧ መለስ ብላ ሰማችው፤ እውነትም ‹ስመጣ› ነው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ፤ ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቋ ጥሩምባውን እስኪውጠው ድረስ ሳቀች።

«ወይ ጉድ! ሻዩን ሳልጠጣ ነው የወጣኝ» አለችና ባዶ ብርጭቆዋን ወደ ትርንጎ ዘረጋች። «ድገሚልኝ፤ ሾፌሩ ይጠብቅ።»

ተረቴን ተቀበሉኝ፤ ብርጭቆዬን ሙሉልኝ።